ኩባኛ የሚያውቀው ሰው

ከየቡ ጅማ በሚመላለሰው አሮጌ አውቶቡስ ዕንባቆምን የማያውቅ መንገደኛ አልነበረም፤ የሚያውቁት ግን በደንቆሮነቱ ነበር። ሁልጊዜ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይሳፈራል። ከሾፌሩ ኋላ ሁለተኛው ወንበር ላይ በመስኮቱ በኩል ይቀመጥና ጡብ የምታክል ጥቁር ሣጥን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ ከእሷ የሚወጣውን ቀጭን ሽቦ ጆሮው ውስጥ ይወትፋል። ከዚያ በኋላ ጅማ እስኪደርስ ቢጠሩት አይሰማም፤ ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል። "ምስኪን! መንግሥት የጆሮ መሣሪያ ሰጥቶት እንኳ አልረዳውም" ይባባላሉ። ረዳቱ ሂሳብ ሲቀበለው ጆሮው ሥር ይጮኽበታል። አባቦራ የሚባሉት ሽማግሌ የማር ነጋዴ ደግሞ አጠገቡ መቀመጥ ይወዳሉ፤ ደንቆሮ አጠገብ የፈለጉትን ማውራት ይቻላላ! ሰው ያላወቀውን ቢጠይቅ ምን ነበረበት? የእኛ ሰው ግን ከመጠየቅ መገመት ይቀለዋል። ዕንባቆምም ቢሆን የሰው ግምት ለማረም የሚቸኩል ሰው አልነበረም።

ሣጥኗ ቴፕ ነበረች። ዕንባቆም የሚሰማው እስፓኒሽ ነበር፤ የጅማ ሰው በአጭሩ "ኩባኛ" የሚለውን። ነገሩ የጀመረው በ1972 ዓመተ ምሕረት ነው። እሱ በካርድ ክፍል ወደሚሠራበት ሆስፒታል አራት የኩባ ሐኪሞች መጡ። አብሯቸው ከአዲስ አበባ የመጣው አስተርጓሚ የጅማን ዝናብ አልወደደውም መሰለኝ፣ ሦስት ወር ሳይሞላው ተዛውሮ ሄደ። ትቶ የሄደው አሥራ ሁለት የትምህርት ካሴትና በእጁ የጻፈውን አንድ ደብተር ነበር። የሆስፒታሉ አስተዳዳሪ ጓድ ከተማ ሠራተኛውን ሰብስበው ዓይናቸውን ሲያንከራትቱ ቆዩና ዕንባቆም ላይ ሲደርሱ አቆሙ።

"ጓድ ዕንባቆም፣ አንተ ተማር። ሌላው ሚስት አለው፣ ልጅ አለው። አንተ እንደሆነ ጊዜ አለህ" አሉት።

በክፋት የተናገሩት አልነበረም። ቢሆንም ነገሩ ለብዙ ቀን እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮው ላይ ተሰክቶ ቆየ።

ሚስቱ አጸደ የየቡ ትምህርት ቤት መምህርት ነበረች። የመጀመሪያ ልጇን እናቷ ቤት ለመውለድ ከምባታ ወረደች፤ ወጉ ነው። አንድ ቀን ዕንባቆም ለሚወለደው ሕፃን ፎጣና ሳሙና ገዝቶ ጅማ መናኸሪያ ቆሞ ሳለ ከዱራሜ የመጣ የጭነት መኪና አጠገቡ ሲደርስ ቀስ አለ። ሾፌሩ ያገሩ ልጅ ነው። በመስኮት ብቅ ብሎ፣ "ዕንባቆም! አጸደ እኮ አረፈች፤ ልጁም አልተረፈም። ሐሙስ ቀበርናቸው። አይዞህ!" አለው። ሞተሩን አላጠፋም ነበር። ከኋላው ያለው መኪና ጥሩንባ ሲነፋበት ማርሽ አስገብቶ ሄደ። ዕንባቆም ፎጣውን እንደታቀፈ መናኸሪያው መሃል ቀረ። ክንዱን የሚይዘው፣ ቁጭ በል የሚለው፣ አብሮት "ኡኡ" የሚል ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ወንበር ለመያዝ ይሽቀዳደም ነበር። ስለ አጸደ ሞት ከእግዜር ጋር ታርቋል። ከዚያች የመኪና መስኮት ጋር ግን ሊታረቅ አልቻለም።

ዘመድ ከምባታ ነው ያለው። የሚጸልይበት ቤት በቀበሌው ታሽጎ የእህል መጋዘን ሆኗል፤ አብረውት ይዘምሩ ከነበሩት ገሚሶቹ ታስረዋል፣ ገሚሶቹ መንገድ ላይ ሲያዩት አንገታቸውን ይደፋሉ። ጅማ ተከራይቶ መኖር ይችል ነበር፤ ነገር ግን የቡ ያለችው ጭቃ ቤት አጸደ ራሷ የለቀለቀቻት ናትና ትቷት መሄድ አልሆነለትም። ስለዚህ በየቀኑ ይመላለሳል። ማታ ሲገባ በሩን የሚከፍተው ራሱ ነው፣ እንደምን አመሸህ የሚለውም ራሱ ነው።

ካሴቱ ላይ የምታስተምረው ሴት ናት። ድምፅዋ የረጋ ነው፤ ዕድሜዋ አይታወቅም። "ቡዌኖስ ዲያስ። ኮሞ ኤስታ?" ትላለች፤ እንደምን አደሩ፣ እንዴት ነዎት ማለት ነው። ከዚያ ተማሪው እንዲመልስላት ዝም ትላለች፤ አምስት እስኪቆጠር ድረስ ትጠብቃለች። "ደህና ተኙ?" ትላለች፤ ትጠብቃለች። "ቁርስ በሉ?" ትላለች፤ ትጠብቃለች። በየቡም ሆነ በጅማ ዕንባቆምን ቁርስ በላህ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሌላ ፍጡር አልነበረም። መጀመሪያ መጀመሪያ ደብተሩ ላይ ያለውን መልስ ይመልስላት ነበር፤ ደህና ተኝቻለሁ፣ ዳቦና ወተት በልቻለሁ እያለ። ወር ሳይቆይ እውነቱን ይነግራት ጀመር። "አልተኛሁም። ቁርስም አልበላሁም፤ ለአንድ ሰው እሳት ማንደድ ያስጠላል" ይላታል በከንፈሩ። ቃል ሲያጥረው በአማርኛ ይሞላዋል። እሷም "ሙይ ቢየን" ትለዋለች፤ በጣም ጥሩ ማለት ነው። ምኑ ነው ጥሩው? ቢሆንም ማለዳ ማለዳ በጣም ጥሩ የሚል ድምፅ መስማት፣ ውሸትም ቢሆን፣ ደስ ይላል።

ባትሪው ሲደክም የሴትዮዋ ድምፅ ወፍሮ እንደ ወንድ ይሆናል። ያን ጊዜ ድንጋዮቹን አውጥቶ የካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ፀሐይ ያስመታቸዋል፤ ማታ ሲመለስ ሴትዮዋ ድናለች።

በአራተኛው ወር አንድ ቀን ደፈረ። ከአራቱ ሐኪሞች አንዱ ቀዶ ሕክምና የሚሠራው ዶክተር ኢግናሲዮ ነው፤ ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ላቡ የማይደርቅ፣ አርባ ዓመት ያለፈው ሰው። ከዋርዱ ጀርባ አቮካዶ ዛፍ ሥር ብቻውን ምሳውን ይበላ ነበር። ዕንባቆም ቀረበና ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "ቡዌኖስ ዲያስ ዶክቶር። ደህና ተኙ? ቁርስ በሉ?" አለው። ሰዓቱ ሰባት ሰዓት ሆኗል። ዶክተሩ ማንኪያውን አስቀመጠ። ከዚያ ሳቀ፤ እስኪያነባ ሳቀ፤ አጠገቡ ያለውን ድንጋይ መታ መታ አድርጎ ተቀመጥ አለው። ለካ እሱንም ከመጣ ጀምሮ በቋንቋው ቁርስ በላህ ያለው የአገር ሰው አልነበረም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳ የሚበላው ከእሱ ጋር ነበር። ዶክተሩ ሲያወራ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ነው፤ ዕንባቆም መጀመሪያ ከአሥር ቃል ሦስት፣ ኋላ ስድስት፣ ዓመት ሲሞላ ስምንት ይይዝ ጀመር። በሥራው የሕመምተኛውን ኦሮምኛ ወደ እስፓኒሽ፣ የሐኪሙን እስፓኒሽ ወደ ኦሮምኛ ይመልሳል። በምሳ ሰዓት ግን የሚያወሩት ስለ እናት ነው። የዶክተሩ እናት ባያሞ የሚባል አገር ተራራ ላይ ቡና እየለቀመች ያሳደገችው ሴት ናት። እሱ ኮሚኒስት ነው፤ እሷ መጽሐፍ ቅዱሷን ከትራሷ ሥር የማታወጣ። ልጇ ስለ ዕንባቆም ሲጽፍላት ስሙን አወቀችው፤ "ነቢዩ አባኩክ እኮ ነው!" ብላ መለሰች፤ ዕንባቆምን በእስፓኒሽ እንዲያ ነው የሚሉት። ዶክተሩም ከዚያ ወዲህ አባኩክ እያለ ይጠራው ጀመር። በየደብዳቤዋ መጨረሻ፣ "ለአባኩክ ሰላም በልልኝ። ብቻውን እንዳይበላ" የምትል መስመር አትጠፋም። ዶክተሩ ያነብለታል። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ ዕንባቆምን ግን ባያሞ ናፈቀው።

በ1974 ኅዳር፣ አውቶቡሱ በቡና ለቃሚ በሚሞላበት ሰሞን፣ አንድ ማክሰኞ ማለዳ ዕንባቆም እንደ ልማዱ የሆስፒታሉን ደብዳቤ ሊያመጣ በፖስታ ቤት በኩል ሲያልፍ የቴሌው ጸሐፊ ጠራው። "ያንተ ኩባ ቴሌግራም መጥቶለታል" ብሎ ወረቀቱን ሰጠው። ለሁለት ታጥፏል እንጂ አልታሸገም። የሰው ደብዳቤ አይነበብም፤ ይህን ዕንባቆም ያውቃል። ነገር ግን "ማማ" የምትለው ቃል ከላይ ታየችውና እጁ ራሱ ገለጠው። "እናታችን በጠና ታማለች። አንተን ትጠይቃለች። ኒዬቬስ ቤት ደውል። እህትህ።" ይላል። ያልገባው አንድ ቃል አልነበረበትም። ሁሉም ገባው፤ እንዲያውም ከተጻፈው በላይ ገባው። የፖስታ ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀመጠ።

ሞታለች። ሌላ ምን ይሆናል? ወግ የሚያውቅ ሰው ሞተች ብሎ ይጽፋል? ታማለች ይላል፣ ትንሽ አሟታል ይላል፣ ና ድረስ ይላል፤ ሰሚው መንገድ ላይ እየጠረጠረ፣ ልቡን እያዘጋጀ ይመጣል። የባያሞ እህትም ወግ የምታውቅ ኖራለች ብሎ አሰበ። ለአባኩክ ሰላም የምትለዋ ሴት የለችም። ሰው ሲያልፍ እንዳያየው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረና አለቀሰ።

ወረቀቱን ወስዶ ለዶክተሩ መስጠት ይችል ነበር። የዋርዱ በር ላይ ደርሶ በመስኮት አየው፤ ዶክተሩ ጓንቱን እያጠለቀ ነው። ሦስቱ ያገሩ ልጆች ለዘመቻ ሊሙ ገነት ወርደዋል፤ አጠገቡ ያለችው ከቋንቋው አንድ ቃል የማይገባት አንዲት ነርስ ናት። ዕንባቆም መናኸሪያው ትዝ አለው። የሞተሩ ድምፅ ጆሮው ላይ መጣ። "እኔ እንዲህ አላደርገውም" አለ ለራሱ፣ "እሱ ብቻውን ቆሞ አይሰማትም።" ቴሌግራሙን የውስጥ ኪሱ ከቶ ወደ ካርድ ክፍሉ ተመለሰ።

ማታ ወደ የቡ ሲመለስ ሽቦውን ከጆሮው አወጣና ጎረቤቱን፣ "አባቦራ፣ እርስዎን አንድ ነገር ልጠይቅ?" አላቸው።

ሽማግሌው የማር ቆርቆሯቸው ከእጃቸው ሊያመልጥ ምንም አልቀረው። "ያ ረቢ! ትሰማለህ እንዴ?"

"እሰማለሁ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከተወለድኩ ጀምሮ።"

አባቦራ ቆርቆሯቸውን ወደ ጭናቸው ሳቡ። ማሩ ላይ ስለሚቀላቅሉት ስኳር አጠገቡ ተቀምጠው ዓመት ሙሉ ያወሩትን እያስታወሱ ይመስላል። "እንግዲህ የሰማኸውን ሰምተሃል" አሉ በመጨረሻ፣ "ጠይቀኝ።"

"ሩቅ አገር ላለ ሰው፣ እናትህ በጠና ታማለች፣ ትጠይቅሃለች የሚል ቴሌግራም ቢመጣ ምን ማለት ነው?"

"ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን" አሉ ሽማግሌው ወዲያው። "ይሄ ምን ይጠየቃል? ታማለች ካሉማ አልቋል። እኔ አባቴ ሲሞት ሰኮሩ ነበርኩ፤ 'ትንሽ ራሱን አሞታል' ብለው ላኩብኝ። ብርቱካን ገዝቼ ሄድኩ፤ ስደርስ መቃብሩ ላይ ሣር በቅሏል። ማነው ሰውየው?"

"ወዳጄ ነው። እዚህ ዘመድ የለውም።"

"ያ ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ እንዲያ ከሆነ አደራህን ብቻውን እንዳትነግረው። ሰው ሰብስብ። ማለዳ፣ እህል ቀምሶ ካደረ በኋላ፣ በሰው መሃል ይስማ። ወላሂ፣ ሰውን ብቻውን መርዶ ያረዳ ገደለው ማለት ነው።"

ዕንባቆም ልቡ ሞላ። በማግሥቱ ጓድ ከተማን ቢሯቸው ገብቶ ነገራቸው። ጓድ ከተማ የጎንደር ሰው ናቸው፤ መርዶ ምን እንደሆነ የሚያስረዳቸው አያስፈልጋቸውም። ቆባቸውን አወለቁ። "ሐሙስ ሁለት ቀዶ ጥገና አለው፤ እጁ ቢንቀጠቀጥስ?" አሉ። "ጓዶቹም ዓርብ ማታ ነው የሚመለሱት። ቅዳሜ ማለዳ ይሁን።" የወጥ ቤቷ ኃላፊ ወይዘሮ ሸዋረገጥ የሠራተኛው ዕድር ዳኛም ናቸው፤ "የሰው አገር ሰው ነው ብለን እንደ ውሻ እንዳይሰማው፤ ድንኳን ይተከልለታል" አሉና በዚያው ቀን ንፍሮ የሚሆነውን ስንዴ አስለቀሙ።

ከዚያ ወዲያ ሆስፒታሉ በሙሉ አወቀ፤ ከዶክተሩ በቀር። ግቢውን ሲያቋርጥ ዘበኛው ከወትሮው ረዘም አድርጎ እጅ ይነሣዋል። የጽዳት ሠራተኞቹ ያዩትና ፊታቸውን ያዞራሉ። ሻይ ሲያዝ ሁለት ስኳር የሚጨመርለት አራት ተጨመረለት። እሱ ሻዩን ቀምሶ ፊቱን አኮማተረ፤ "አባኩክ፣ ዛሬ በዓል ነው እንዴ?" አለ።

በምሳ ሰዓት፣ "ደብዳቤ አለ?" ይለዋል እንደ ሁልጊዜው።

"ኖ" ይላል ዕንባቆም። ሴትዮዋ መዋሸት አላስተማረችውም፤ ለዚህ ግን የመጀመሪያው ካሴት ይበቃል።

"ለአዲስ ዓመታችን እደውልላታለሁ። ጎረቤታችን ኒዬቬስ ስልክ አላት። እናቴ ስልክ ስታናግር ትጮኻለች፤ ባሕሩን የሚሻገረው በጩኸት ይመስላታል።" ሳቀ። ዕንባቆምም ለመሳቅ ሞከረ።

ማለዳና ማታ አውቶቡሱ ላይ ካሴቶቹን አንድ በአንድ ዳግም ሰማቸው። የሚፈልገው መርዶ የሚነገርበትን ቃል ነበር። ሴትዮዋ ሆቴል ገብታ ክፍል ትጠይቃለች፤ ገበያ ወጥታ ብርቱካን ትገዛለች፤ ባቡር ያመልጣታል፤ ዝናብ ይመታታል፤ ጥርሷን ያማታል። በአሥራ ሁለቱ ካሴት ውስጥ ማንም አልሞተም። በመጨረሻ ሰባተኛው ላይ አንድ ሰው መምህሩን ፈልጎ ሲመጣ የሚመለስለትን መልስ አገኘ፤ "ያ ኖ ኤስታ"፤ ከእንግዲህ የለም ማለት ነው። ይህችን ቃል ለእናት አድርጎ ለማለት ሁለት ቀን ተለማመደ። ሴትዮዋ "ሙይ ቢየን" ስትለው ሽቦውን ከጆሮው ነቀለ።

ዓርብ ወደ የቡ አልተመለሰም፤ ወይዘሮ ሸዋረገጥ ቤት አደረ። ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል አርባ ያህል ሰው ኩባዎቹ በሚኖሩበት ግቢ በር ላይ ተሰበሰበ፤ ነርሱ፣ ዘበኛው፣ ልብስ አጣቢዋ፣ ዶክተሩ ሆዱን ቀድዶ ያዳነው አንድ የየቡ ገበሬም። ሴቶቹ የነጠላቸውን ጥለት አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ጓድ ከተማ በሩን መቱ። ዶክተሩ በካናቴራ፣ ፎጣ አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ወጣ፤ ጓደኞቹም ከኋላው መጡ። ያን ሁሉ ሰው ሲያይ አደጋ የደረሰ መሰለውና፣ "ስንት ቁስለኛ አለ?" አለ።

ዕንባቆም ቀረበና ሁለት እጆቹን ያዘ። "ዶክቶር፣ ተቀመጥ" አለው። አልተቀመጠም። "እናትህ" አለው በእስፓኒሽ፣ "እናትህ ከእንግዲህ የለችም።"

ሴቶቹ ቃሉ ባይገባቸውም ፊቱን አይተው አንድ ላይ "ወይኔ እናቴ!" አሉ። ገበሬው ራሱን ያዘ። ጓድ ከተማ ዶክተሩን በብብቱ ደገፉት። ሁሉም እንደ ወጉ ሆነ፤ ዕንባቆም እያለቀሰም ቢሆን፣ "ብቻውን አልሰማትም" እያለ ልቡ አመሰገነ።

"ማን ነገረህ?" አለ ዶክተሩ። ዕንባቆም ቴሌግራሙን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው።

ዶክተሩ አነበበው። ደግሞ አነበበው። ከዚያ ከላይ ያለውን ቀን አየ። "ማክሰኞ" አለ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። "ታማለች ነው የሚለው አባኩክ። ደውል ነው የሚለው።"

"አዎ" አለ ዕንባቆም።

"ታማለች ነው እኮ የሚለው!"

ዕንባቆም ሊያስረዳው አፉን ከፈተ። እንዲህ ነው የሚባለው ሊለው ፈለገ፤ ከዚያ የዶክተሩን ዓይን አየና ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ በረደው። እነሱ ዘንድ ታማለች ማለት ታማለች ማለት ቢሆንስ? ዶክተሩ ሰዉን በትከሻው እየገፋ በነጠላ ጫማው ወደ ጓድ ከተማ መኪና ሮጠ። "ሐዘኑ ጸንቶበት ነው" አሉ ወይዘሮ ሸዋረገጥ፣ "ወዴት ነው የሚሄደው?"

"ቴሌ" አለ ዕንባቆም።

ያን ጊዜ የውጭ አገር ስልክ በአዲስ አበባ በኩል ነበር የሚገኘው፤ ተመዝግቦ አግዳሚ ላይ መጠበቅ ነው። ሰዉ ድንኳኑን ተክሎ፣ ንፍሮውን አቅርቦ ሐዘንተኛውን ጠበቀ። ዕንባቆም ጥግ ላይ ተቀምጦ ጸለየ። በሕይወት ትኑር፤ እኔ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ልዋረድ፤ ሟርተኛ ይበሉኝ፤ ከሥራ ይባርሩኝ፤ ብቻ ትኑርለት እያለ ለመነ። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ መርዶው ሐሰት እንዲሆን እንደሱ የለመነ ሰው መኖሩን እንጃ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዶክተሩ በእግሩ መጣ። ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፤ ሰዉ ሁሉ ተነሥቶ ተቀመጠ። ፎጣውን ከአንገቱ አውርዶ ጭኑ ላይ አጠፈው። ከዚያ ቀስ እያለ በእስፓኒሽ መናገር ጀመረ። ሦስቱ ጓደኞቹ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

"ምን ይላል? አስተርጉምልን እንጂ" አሉ ጓድ ከተማ።

ዕንባቆም ተነሥቶ ቆመ። ሥራው ነው። "እናቴ ዛሬ ሞተች ይላል" አለ። "እኔ ቴሌ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ መስመር ስጠብቅ ነው የሞተችው ይላል። እናንተ ማለዳ ስታለቅሱላት በሕይወት ነበረች።" ወይዘሮ ሸዋረገጥ የንፍሮውን ሳህን መሬት አስቀመጡ። "ሰኞ አልጋዋን ስልክ ወዳለበት ጎረቤት ቤት አስወስዳ ነበር። ከማክሰኞ ጀምሮ ስልኩ በጮኸ ቁጥር 'እሱ ነው?' ትል ነበር ይላል። ትናንት ማታ ድረስ 'እሱ ነው?' ትል ነበር።" እያንዳንዷን ቃል በትክክል አስተረጎመ፤ አንዲት አላስቀረም።

ዶክተሩ ቀና አለ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ በተሻለ ነበር። "ፖር ኬ፣ አባኩክ?" አለው። ለምን ማለት ነው።

ዕንባቆም መልስ ፈለገ። ዳቦ የሚለውን ያውቃል፤ ዝናብ የሚለውን፣ ባቡር የሚለውን፣ ጥርስ የሚለውን ያውቃል። ይቅርታ አድርግልኝ አለው በእስፓኒሽ፤ ዶክተሩ አሁንም "ለምን?" አለ። ዕንባቆም የያዘው ነገር በአማርኛ ወጣ።

"ብቻህን እንዳትሰማት ብዬ ነው" አለ። "እኔ የሚስቴን ሞት የሰማሁት መናኸሪያ ቆሜ፣ ከመኪና መስኮት ነው። ሞተሩ እንኳ አልጠፋም ነበር። የልጄን ፎጣ ይዤ ስቆም አንድ ሰው ክንዴን አልያዘኝም። አንተን እንዲያ እንዳያደርጉህ ብዬ ነው። እኛ ዘንድ ታማለች ከተባለ ሞታለች ነው፤ ማንንም ጠይቅ። ሰው እስኪሞላልህ፣ ያገርህ ልጆች እስኪመጡልህ ብዬ ነው አምስት ቀን ኪሴ ውስጥ ያቃጠለኝ። እሷ እኮ ብቻውን እንዳይበላ ያለችኝ ሴት ናት። በእሷ ሞት እኔም እናቴ ሞታብኛለች። ከአንተ ሌላ ቁርስ በላህ የሚለኝ ሰው የለኝም፤ አንተን ልጎዳህ ነው?"

ልብስ አጣቢዋ ጮኻ አለቀሰች። ዘበኛው ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፋ። ጓድ ከተማ ተነሥተው ወደ ድንኳኑ በር ሄዱና ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ። በዚያ ድንኳን ውስጥ ያልገባው አልነበረም፤ ከአራቱ ኩባዎች በቀር።

ዶክተሩ የሚያለቅሱትን ሰዎች አንድ በአንድ አያቸው። ወደ ጓደኞቹ ዞረ፤ እነሱም ትከሻቸውን ነቀነቁ። "ምን አለ?" ብሎ በቋንቋው ጠየቀ፣ ዓይኑን ከአንዱ ወደ ሌላው እያንከራተተ። "ምንድን ነው ያለው?"

ወይዘሮ ሸዋረገጥ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠርገው ዕንባቆምን በክርናቸው ጎሸም አደረጉት።

"ንገረው እንጂ ልጄ፣ ምን አለ እያለ ነው መሰለኝ። ከአንተ በቀር ማን አለን፣ ኩባኛ የሚያውቅ?"